ሀርቡ ሳንደርስ ብልጭ ድርግም ያለው ዳሽቦርድ

አዋላጇ ጓንቷን እያወለቀች “ሚስትህ ፅንሱ ተጋድሞባታል፣ እዚህ ልናዋልዳት አንችልም፣ ቶሎ ደሴ ሆስፒታል ትድረስ” አለችኝ። የመጀመሪያ ልጃችን ነበር። የጤና ጣቢያው መኪና ገጠር ወጥቷል፤ እኔ ግን ከከሚሴ ኮምቦልቻ ሰው የማመላልስበት ሚኒባስ ነበረኝ። የመካከሉን ወንበር ፈትተን ፍራሽ አነጠፍንና ሚስቴን አስተኛናት። እናቷ ከራስጌዋ፣ ከእኔ ወንበር ጀርባ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከከሚሴ ወጣን።

ማሽላው ያሸተበት ወቅት ነው። ከብቱ ከቦርከና ውሃ ጠጥቶ አስፋልቱን ሞልቶ ይመለሳል። ጥሩንባ እየነፋሁ በመሃሉ ስሾልክ የዳሽቦርዱ መብራቶች በሙሉ ቦግ ብለው ጠፉ። የባትሪው፣ የዘይቱ፣ የፍሬኑ ምልክት፣ ሁሉም። ትንሽ ሄጄ እንደገና በሩ፣ ጠፉ። የፊት መብራቱን አበራሁት፤ እሱም አብሮ ይርገበገባል።

ሊመሽ ነው። ከኮምቦልቻ በኋላ ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት ያለ መብራት መውጣት አይታሰብም። ሞባይል ከከተማ ከወጣህ የማይሠራበት ጊዜ ስለነበር ደውዬ ሌላ መኪና አላስመጣም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ ነው። እሱ ከሞተ ባትሪው ያለውን ጨርሶ መንገድ ላይ መቅረታችን ነው። ነዳጅ ስሰጥ መብራቱ ይበረታ እንደሆነ አየሁ፤ ለውጥ የለውም። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ ይሆናል ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ፤ አይጮኽም። ሚስቴ ባቃሰተች ቁጥር እግሬ ሳላዝዘው ነዳጁን ይረግጣል።

እኛ ዘንድ አማትና አማች አንቱ ተባብለው፣ ተፋፍረው ነው የሚኖሩት። አማቴ ከተጋባን ጀምሮ ከሰላምታ የዘለለ ነገር አውርተውኝ አያውቁም። ለካ ከኋላዬ ሆነው ዳሽቦርዱን ሲያዩ ቆይተዋል።

“መብራቱ ጉድጓድ ስትገባ ነው የሚጠፋው” አሉኝ። “ደልዳላው ላይ ደህና ነው።”

አንቱታውን እንደተዉት እንኳ ያኔ ልብ አላልኩም። ወደሚቀጥለው ጉድጓድ አውቄ ገባሁ። ጠፋ። ልክ ነበሩ፤ የላላ ነገር አለ ማለት ነው።

ከኮምቦልቻ በፊት፣ ሀርቡ ከተማ ሳንደርስ መንገዱ ትንሽ ቁልቁል የሚልበት ቦታ አለ። መኪናዋ በቁልፍ እምቢ ካለች በመንደርደር ላስነሳት ብዬ እዚያ አቆምኳት። ሞተሩን ሳላጠፋ የጋቢናውን ወንበር አነሳሁ፤ ባትሪው እሱ ስር ነው። ባትሪው ላይ ያሉትን ሁለቱንም ማሰሪያዎች ነቀነቅኩ፤ ጠብቀዋል። የኔጋቲቩን ገመድ ተከትዬ ከመኪናው አካል ጋር በብሎን የታሰረበትን ስነካው ዳሽቦርዱ ድርግም አለ። ስጫነው በራ።

ሞተሩ እየሠራ ያንን ገመድ ብፈታ ዲናሞውን ላቃጥለው እችላለሁ። ካጠፋሁት ደግሞ ላይነሳልኝ ይችላል። ሚስቴ በደከመ ድምፅ ለምን እንደቆምን ጠየቀችኝ። አሁን እንሄዳለን አልኳት። እጄ ቁልፉ ላይ ነው፤ መጠምዘዝ አቃተኝ።

“ቢስሚላህ በልና አጥፋው” አሉ አማቴ።

አጠፋሁት። መኪናው ውስጥ የሚሰማው የሚስቴ ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

ብሎኑን ፈትቼ ዝገቱን በቢላ ፋቅሁ፣ መልሼ አሰርኩና ቁልፉን አዞርኩ። ቀጭ ብቻ አለ፤ ሞተሩ አልተነሳም፤ ዳሽቦርዱም ጨለመ። አንድ የጭነት መኪና መጣ፤ አማቴ ወርደው ነጠላቸውን አውለበለቡለት፤ ሳያቆም አለፈ። በመንደርደር ባስነሳት እንኳ መብራቱ ያው ነው። ገመዱን በጣቴ ዳበስኩት። ጫፉ አጠገብ ላስቲኩ አብጦ ልል ብሏል። ስሰነጥቀው ውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ሆኖ ተበልቷል፤ በጥቂት ክሮች ብቻ ተያይዟል።

የተበላውን ቆርጬ ጣልኩ። ጤነኛውን መዳብ ልጬ ብሎኑ ላይ ስጠመጥመው ገመዱ አጠረኝ። አማቴ ተመልሰው በሁለት እጃቸው ወጥረው ያዙልኝ፤ እኔ አጠብቃለሁ። ሚስቴ ጮኸች። ልዞር ስል “እሷን ለእኔ ተዋት፣ አንተ እሰር” አሉኝና ገመዱን ሳይለቁ ለልጃቸው በኦሮምኛ “ኦብሲ፣ ኢንተላ ኮ፣ ኦብሲ” ይሏት ጀመር፤ ታገሺ ልጄ፣ ታገሺ።

ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ተነሳ። ምልክቶቹ በሩ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ጠፉና እንደጠፉ ቀሩ።

ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት በደንብ አላስታውስም። እያንዳንዱ ጉድጓድ ጋ ዳሽቦርዱን ማየቴ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ተቀብለው በቀጥታ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧት። አማቴ ኮሪደሩ ላይ ሰገዱ፤ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ነርሷ ወጥታ ሴት ልጅ ናት፣ እናቲቱም ደህና ናት ስትለኝ “አልሐምዱሊላህ” ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ። እጄ በግራሶና በዝገት ጠቁሮ ስለነበር መጀመሪያ ታጠብ ብላ መለሰችኝ።

ስመለስ አማቴ ሕፃኗን ታቅፈዋል። ለተወለደ ልጅ በጆሮው የሚባለውን አዛን እኔ እንድልላት እየጠበቁኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ ጀመርኩ። ድምፄ ተቆራረጠብኝ፤ እሳቸው እስክጨርስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩልኝ።