የአባቴ ጆሮና ሁለቱ ስፒከሮች

ስፒከር የሚመረጠው በጆሮ ነው። እኔ ግን የመጀመሪያዎቹን ስፒከሮቼን የመረጥሁት በአባቴ ጆሮ ነው። በዚያ ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ ከእሳቸው አብልጦ የሚሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

አባቴ የዜማ መምህር ነበሩ። ከሐይቁ ዳር ባለ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቻቸው አንድ ላይ ሲያዜሙ ከመካከል አንዱ ድምፁን ያለቦታው ቢያነሳ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ስሙን ጠርተው ያስቆሙታል። እኔም ልጅ ሳለሁ ብዙ ጊዜ ቆሜአለሁ። ኋላ ዜማውን ትቼ አስኳላ ገባሁ፤ እሱንም ከአሥረኛ ክፍል አቋርጬ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ክፍል ተቀጠርሁ። ስለ ድምፅ ዕቃ የማውቀውን ሁሉ የተማርሁት የተበላሸ ራዲዮ በመፍታት ነው። ከመፍታቴ በፊት እያንዳንዱ ሽቦ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ በደብተር እሥል ነበር። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ብሳሳት የሚቆጣኝም አልነበረም።

ኦፔራን ያገኘሁት በሥራ ምክንያት ነው። አብዮቱ ከመጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ በከተማው የሩሲያ መምህራን ነበሩ። ከእነሱ የአንዱ ቤት መብራት ጠፍቶ እንድጠግን ተላክሁ። መሰላል ላይ ቆሜ ፊውዙን ስቀይር መብራቱ ተመለሰ፤ በመካከል ተቋርጦ የነበረው የሙዚቃ ሸክላም መዞር ጀመረ። መጀመሪያ የወጣው ድምፅ እንደ በሬ የሚያጓራ ነበር። ሸክላው ፍጥነቱን እያገኘ ሲሄድ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ መጣና የሴት ድምፅ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ወደ ላይ መውጣት ቀጠለች። እኔ ከመሰላሉ አልወረድሁም።

ሰውየው ከታች ሆኖ በሚችለው አማርኛ፣ «መብራት መጣ። አንተ ለምን አትመጣም?» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እሱ ቤት እየሄድሁ እሰማ ነበር። ብዙ አናወራም። እሱ ሻይ ያፈላል፣ ሸክላውን በጨርቅ ይጠርጋል፣ መርፌውን ያሳርፋል። ከዓመት በኋላ የሥራ ዘመኑ አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ የሸክላ ማጫወቻውንና ዘጠኝ ሸክላዎች ሰጠኝ። ስፒከሮቹን ግን ለሌላ ሰው ቃል ገብቶባቸው ነበር። ስለዚህ ድምፅ የሌለው ኦፔራ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

በገበያው መንገድ ራዲዮ የሚጠግን ሰው ነበር። ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀመጡ ሁለት ዓይነት ስፒከሮች አሳየኝ። አንዱ ጥንድ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ፣ ፊቱ ጨርቅ የለበሰ ከባድ የእንጨት ሣጥን ነው። ሁለተኛው ጥንድ ትንንሽ የቆርቆሮ ሣጥን ሲሆን በስብሰባ አዳራሽ ሲያገለግል የኖረ ነው።

«ይኼ መፈክር ለምዷል» አለኝ ቆርቆሮውን በጣቱ እየመታ። «ዘፈን ስትሰጠው ይደነግጥ ይሆናል። ሁለቱንም ውሰድና ሳምንት ሞክር። አንዱን ትመልሳለህ። ሁለቱንም ከመለስህ ግን በዚህ መንገድ እንዳትሄድ።»

ሙከራውን በሥርዓት ነው ያደረግሁት። ሁለቱንም ጥንድ ከግድግዳው እኩል አርቄ አስቀመጥሁ። የምቀመጥበትን ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመርሁ። ወፍራም ድምፅ ያለው ወንድና ያቺ ሴት አብረው የሚዘፍኑባትን አንዲት ሸክላ ብቻ፣ በአንድ ዓይነት የድምፅ መጠን፣ እያፈራረቅሁ ሰማሁ፤ ልዩነታቸውንም በደብተሬ ጻፍሁ። በእንጨቶቹ ሰውየው ከወዲያ፣ ሴትዮዋ ከወዲህ ቆመው ይታዩኛል። በቆርቆሮዎቹ ደግሞ ሁለቱም አንድ ቀዳዳ ውስጥ ገብተው ይጮሃሉ፤ በላያቸውም በቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ያለ፣ «ሽሽ» የሚል ሽሽታ አለ። የእኔ ጆሮ ወስኖ ነበር። ግን ቤት ውስጥ መምህር እያለ ብቻዬን መወሰን ነውር መሰለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት አባቴን ለመንኋቸው። መጥተው በጠመኔ ካሰመርሁት ቦታ ተቀመጡ። እናቴም ጥጧን ይዛ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። መጀመሪያ በእንጨቶቹ አሰማኋቸው።

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኼ ጋቢ ተከናንቧል። ቃሉ አይለይም።»

«ቃሉ እኮ የጣሊያን ነው፣ አባባ።»

«የጣሊያንም ቢሆን ቃል መነሻና መድረሻ አለው። መድረሻውን በልቶታል።»

ቆርቆሮዎቹን ቀጠልሁ። እናቴ ጥጧን ጣል አድርጋ፣ «ሴትዮዋን ምን አድርገዋት ነው?» አለች። አባቴ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። «እንዲህ ነው» አሉ። «ይኼ ንጹሕ ነው። ሴትዮዋም አራራይ ነው የያዘችው፤ ሳይከብዳት ነው የምትወጣው።»

«ጆሮ ይበሳል» አለች እናቴ።

«አንቺ ደግሞ መቼ ነው ዜማ የተማርሽው?»

«ጆሮዬ እንዲያመኝ ዜማ መማር አለብኝ?»

ሣቅን። ግን ነገሩ አልቆ ነበር። ያን ሁሉ ሽሽታ አባቴ ንጹሕ ካሉት፣ የተበላሸው የእኔ ጆሮ ነው ብዬ አመንሁ። ሦስት ዓመት ከሽመና መኪኖች አጠገብ ስሠራ ኖሬአለሁ፤ ምክንያቱ ሩቅ አልነበረም። የእንጨት ስፒከሮቹን በጋሪ ጭኜ መለስኋቸው።

«እርግጠኛ ነህ?» አለኝ ራዲዮ ጠጋኙ።

«አባቴ ናቸው የመረጡት።»

ሰውየው ስለ ድምፅ ዕቃ ከማንም በላይ ያውቃል። ቢሆንም እጁን አነሣ። «የኔታ ካሉ እኔ ምን እላለሁ?» አለ። በሳምንቱ የእንጨት ስፒከሮቹን አንድ ቡና ቤት ገዛቸው።

በቆርቆሮዎቹ ሁለት ወር ያህል ሰማሁ። ጆሮዬን ላስተምረው ነበር ሐሳቤ። አልተማረም። ሴትዮዋ ከፍ ባለች ቁጥር ትከሻዬን እሰበስብ ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ የንግሥ በዓል ደረሰ። ታቦት ወጥቶ፣ ቀትር ላይ፣ ካህናቱ በግቢው ወረብ ያቀርባሉ። እኔ ከሕዝቡ ጋር ከአባቴ ጥቂት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። እሳቸው በቀኝ እጃቸው ጸናጽል ይዘው ከከበሮው ጋር ያናውጣሉ። አተኩሬ ሳይ የጸናጽሉ ዘንግ ወልቆ ቅጠሎቹ ወድቀዋል፤ በእጃቸው የቀረው ባዶው ቅርጽ ነው። ምንም ድምፅ አይሰጥም። እሳቸው ግን በሙሉ ልብ፣ ምት ሳይስቱ ያናውጣሉ። በግራቸው የቆመው ትልቁ ተማሪያቸው፣ ጢማም ዲያቆን ነው፣ ወረቡ ዞሮ ሲመለስ የራሱን ጸናጽል በእጃቸው አድርጎ ባዶውን ተቀበለ። ነገሩን ያደረገው ኩታ እንደሚያስተካክል ሰው ቀለል አድርጎ ነው። የመጀመሪያው እንዳልሆነ ገባኝ።

ሕዝቡ ሲበተን ዲያቆኑን ከግቢው ግንብ ሥር አገኘሁት።

«ከመቼ ወዲህ ነው?» አልሁት።

ዙሪያውን አየ። «ሦስት ዓመት ይሆናል። ወፍራሙን ድምፅ ይሰማሉ። ንግግርም ፊት ለፊት ከሆነ ይሰማሉ። ቀጭኑ ነው የጠፋባቸው።»

«ታዲያ እንዴት ያስተምራሉ?»

«እኔ ፊት ለፊታቸው እቀመጣለሁ። የሚሳሳት ሲኖር ወደ እሱ ዞሬ አያለሁ። ያን ጊዜ የኔታ ስሙን ይጠራሉ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የደብሩ አስተዳዳሪ ከሰሙ ከጎንደር በኩል ሌላ መምህር ያስመጣሉ። ጉባኤው ከነተማሪው ከእጃቸው ይወጣል። እሳቸው ያለ ጉባኤ ምን ይሆናሉ?»

ቤት ገብቼ የቆርቆሮ ስፒከሮቹ ፊት ተቀመጥሁ። ሽሽታው ለምን ንጹሕ እንደሆነላቸው አሁን ግልጽ ነው፤ አይሰሙትም። እንጨቶቹን ጋቢ ያለበሳቸው ሣጥኑ ሳይሆን የገዛ ጆሮአቸው ነው። እኔ ራሴ በደብተሬ ላይ የጻፍሁትን ልዩነት ሁሉ ሰርዤ የእሳቸውን የጻፍሁት፣ አባቴ ሊያረጁ እንደሚችሉ አንድ ጊዜ እንኳ ስላላሰብሁ ነው።

በነገታው ቆርቆሮዎቹን ይዤ ራዲዮ ጠጋኙ ዘንድ ሄድሁ።

«መፈክር ሰለቸህ?» አለኝ።

«በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ እፈልጋለሁ። ማይክሮፎንና የጆሮ ማዳመጫ ያለው።»

«ኦፔራህስ?»

«እሱም ይገባበታል።»

ሦስት አራት ነበሩት። ቆርቆሮዎቹን ሰጥቼ፣ ጥቂት ጨምሬ አንዱን ወሰድሁ። የመረጥሁት ለድምፁ ጥራት አይደለም፤ በዚህ በኩል ከብዙዎቹ ያንስ ነበር። የመረጥሁት ሁለቱን ቁልፎች፣ የመቅጃውንና የማቆያውን፣ አንድ ላይ ስጫን ካሴቱ ሳይዞር በማይክሮፎኑ የገባው ድምፅ ጎልቶ በማዳመጫው ስለሚወጣ ነው። ሱቁ ውስጥ ይህን ሦስት ጊዜ ሞክሬአለሁ። ከዚያ ቤት ወስጄ ፈታሁት፤ ቀጭኑን ድምፅ አብልጦ እንዲያሳልፍ ከውስጡ አንዲት ትንሽ ዕቃ ለወጥሁ። ሸክላ ማጫወቻውንም በሽቦ አገናኝቼ ያቺን ሴት በካሴት ቀዳሁ።

ለአባቴ ግን ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም ነበር። ለአባት ጆሮዎ ደክሟል አይባልም። እሑድ ከሰዓት፣ «አዲስ ዕቃ ገዝቻለሁ፤ ከቤት ውጭ የሚሠራ ነው፤ ይምረጡልኝ» አልኋቸው። ወደ ሐይቁ ዳር ወጣን። ደንገሉ ጥግ፣ ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አንድ ሰው በታንኳ ርቆ ይቀዝፋል፤ ሌላ ማንም የለም።

የጆሮ ማዳመጫው በጥምጥማቸው ላይ አልገባም። ሁለት ጊዜ ሞከርሁ።

«ጥምጥሜን ሜዳ ላይ ልፍታ?» አሉኝ።

«ሰው የለም፣ አባባ።»

«ያ ታንኳ ላይ ያለውስ?»

«ጀርባውን ሰጥቷል።»

ታንኳውን ጥቂት ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ጥምጥሙን ፈትተው በጉልበታቸው አኖሩ። ማዳመጫውን አጠለቅሁላቸውና ካሴቱን አስነሣሁ። እኔ ምንም አልሰማም፤ ፊታቸውን ብቻ ነው የማየው። ዓይናቸውን እንደ ልማዳቸው ጨፈኑ። ወዲያው ገለጡት።

«ይቺ ሴት ትተነፍሳለች» አሉ፣ ከፍ ባለ ድምፅ። «ከመነሣቷ በፊት ትንፋሿን ትስባለች።»

«አዎ።»

እስኪያልቅ ሰሙ። ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮአቸው ገለጥ አደረጉ። «ቤት በሰማሁት ጊዜም ትተነፍስ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። «ትተነፍስ ነበር» አልሁ።

ወደ ሐይቁ ዞሩ። «እናትህ ትክክል ነበረች ማለት ነው።»

«አዎ።»

«አትንገራት።»

ያን ጊዜ ሁለቱን ቁልፎች ተጫንሁና ማይክሮፎኑን ወደ ደንገሉ አዞርሁ። ንፋስ ነበር፤ ከደንገሉ ውስጥም አንዲት ወፍ በቀጭኑ ትጮህ ነበር። አባቴ ራሳቸውን ወዲያና ወዲህ አዞሩ፤ ወፏን ፈልገው አገኟት። «ጸናጽል ከሰማሁ ቆይቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «የኛዎቹ አርጅተው ነው እያልሁ ነበር።» ጣታቸውን በማዳመጫው ላይ አሳለፉ። «ግን ይህን አድርጌ ጉባኤ ላይ ልቀመጥ? እንደ አውሮፕላን ነጂ?»

መንገድ ስንጀምር፣ «የባትሪው ድንጋይ ስንት ቀን ይቆያል?» ብለው ጠየቁኝ።

«በቀን ሦስት ሰዓት ከሆነ ሁለት ሳምንት ያህል።»

ሦስት ቀን ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም። በአራተኛው ጠዋት የማታ ፈረቃ ጨርሼ ስገባ ቴፑን በጨርቅ ጠቅልለው በሩ ላይ ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። መጀመሪያ ወደ አስተዳዳሪው ቤት ሄድን። አባቴ በገዛ አፋቸው ነገሯቸው። አስተዳዳሪው ዕቃውን አገላብጠው አዩና፣ «ተማሪ እስካልሸሸ ድረስ ያስተምሩ፤ ጾም በገባ ጊዜ እንደገና እናያለን» አሉ። ከዚህ የበለጠ ተስፋ አልሰጧቸውም። አባቴ ግን ከዚያ ሲወጡ እርምጃቸው ፈጥኖ ነበር።

ዋርካው ሥር ተማሪዎቹ ተሰብስበዋል። አባቴ ጥምጥማቸውን ፈቱ፣ ማዳመጫውን አጠለቁ፣ ጥምጥሙን ከላዩ ሰፋ አድርገው መልሰው ጠመጠሙ። ማይክሮፎኑን እኔ በመካከል አቆምሁት።

«ጆሮዬ ደክሟል» አሏቸው። «ይኼ ይረዳኛል። መሣቅ የሚፈልግ አሁን ይሣቅ፤ ኋላ ሥራ አለብን።»

ሁለት ሦስቱ ሣቁ። አባቴም ከእነሱ ጋር ትንሽ ሣቁ። ከዚያ ዜማው ተነሣ። ጢማሙ ዲያቆን እንደ ወትሮው ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ወደ ተማሪዎቹ ለመዞር ተዘጋጅቷል። አባቴ አላዩትም፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጥቂት እንደተዜመ እጃቸውን አንሥተው ሁሉንም አስቆሙና የጠሩት የዲያቆኑን ስም ነው።

«መውረጃው ላይ ትቸኩላለህ። ብቻህን በለው።»

ብቻውን አዜመው። እውነትም ይቸኩል ነበር፤ እኔ እንኳ ሰማሁት።

«ሦስት ዓመት እንዲህ ስትል ኖረሃል?» አሉት አባቴ።

«የሚነግረኝ አልነበረም፣ የኔታ» አለ ዲያቆኑ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ይሥቅ ነበር። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ከመጀመሪያው ጀመረ።