የማርላ ዓይንና የጋዜጣው ድሮን

«ይታይሻል?» አለ ዌስሊ፣ ከስክሪኑ ቀና ሳይል።

«ይታየኛል» አለች ማርላ።

አይታያትም ነበር። ድሮኑ ከጠጠር መንገዱ ዳር ተነስቶ፣ በቆሎውን አቋርጦ፣ ከጅረቱ በላይ መቶ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ቆሟል። ማርላ ያለበትን የምታውቀው በድምፁ ነው። አንገቷን ወደ ድምፁ አቅንታ፣ መዳፏን ግንባሯ ላይ ጋርዳ፣ የምታይ መስላ ቆመች።

ጅረቱ ውስጥ ዓሣ አልቋል። ሰኞ ጠዋት አንድ ገበሬ ድልድዩ ሥር ሆዳቸውን ገልብጠው የተንሳፈፉ ዓሦች አይቶ ለጋዜጣው ደወለ። ከላይ በኩል ትልቅ የከብት ማድለቢያ አለ። ባለቤቱ የእበት ማጠራቀሚያ ኩሬዬ ጠብታ አላፈሰሰም ብሎ በሩን ቆልፏል። ከድልድዩ ላይ የሚታየው የሞተ ዓሣ ብቻ ነው። ኩሬውንና ዓሣውን በአንድ ፎቶ ማስገባት የሚቻለው ከሰማይ ነው።

የድሮን ሕግ እዚህ አገር ብዙ አያስቸግርም። የሚያበረው ሰው ድሮኑን በዓይኑ መከታተል አለበት፣ ሰው የጫነ አውሮፕላን ከመጣ መንገድ የሚለቀው ድሮኑ ነው። ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ግን ሰማዩን አያይም። ስለዚህ የጋዜጣው የኢንሹራንስ ውል፣ ሰማይ የሚጠብቅ ሁለተኛ ሰው ከሌለ ድሮን አታንሱ ይላል። ሁለተኛዋ ሰው ማርላ ክሩፒካ ነበረች። ዓይኗን መርምሮ የሚያሳልፋት የለም። ሕጉ የሚለው ለሥራው የሚያውክ ሕመም እንዳለብህ ካወቅህ አትሥራ ነው። የሚያውቀው ሕመምተኛው ራሱ ነው።

ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ሠላሳ አራቱን በዚሁ ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ሆና ኖራለች። የትምህርት ቤት እግር ኳስ፣ የከብት ትርኢት፣ የተቃጠለ ጋጣ፣ የተገለበጠ ትራክተር። ወንዙ ከተማውን ያጥለቀለቀው ጊዜ፣ ድሮን የሚባል ነገር ሳይኖር፣ በእህል ጎተራው የውጭ መሰላል አናቱ ድረስ ወጥታ በአንድ እጇ ተንጠልጥላ አንስታለች። በኋላ ጋዜጣው ሰው ቀነሰ። መጻፉም ማንሳቱም ዌስሊ ላይ ወደቀ፤ ለእሷ በሳምንት ሦስት ጠዋት ሰማይ መጠበቅ ተረፈላት። ሚያዝያ ላይ ሊንከን ከተማ ያለው የዓይን ሐኪም መድኃኒት እንደሌለው ነገራት። አተኩራ የምታየው ነገር መሃሉ ይጠፋል፤ አውራ ጣት ያረፈበት መስታወት ይመስላል። ዳር ዳሩ ይታያል። ለማንም አልተናገረችም። እሷ ከቀረች ሌላ የሚቆም ሰው የለም፤ ድሮኑም ሣጥኑ ውስጥ ይቀራል።

«ጨረስክ?»

«የኩሬው ግድብ ላይ አንድ የረጠበ መስመር አለ። ዝቅ አድርጌ ላስጠጋው። አሥር ደቂቃ ስጪኝ፣ እመቤቴ።»

ያኔ ነፋሱ ማጅራቷን ነካት። ጠዋት ከደቡብ ነበር፤ አሁን ከሰሜን ነው።

በዚህ ወረዳ ሐምሌ ላይ በቆሎ መድኃኒት ይረጫል። የሚረጨው ቨርጂል ነው፣ ቢጫ አውሮፕላን አለው፣ የሚበረው የበቆሎውን ጫፍ እየጠረገ ነው። ስለዚህ ጋዜጣው ድሮን ከማንሳቱ በፊት ወደ አውሮፕላኑ ማረፊያ ሜዳ ይደውላል። ደዋይዋ ማርላ ናት። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደውላ ቨርጂል ከአውራ ጎዳናው በስተደቡብ እንደሚውል ተነግሯታል። ነፋስ ሲዞር ግን መድኃኒቱ የሰው አኩሪ አተር ላይ እንዳይሄድ ረጪው ያንን ማሳ ትቶ ወደ ሌላ ይሄዳል። ይህን እዚህ ተወልዶ የማያውቅ የለም። እንደገና መደወል ነበረባት። ስልኩ ኪሷ ውስጥ ነው። ነፋሱ የድሮኑን ድምፅ እየበላባት ስለነበር እሱን ላለማጣት ጆሮዋን ጣለች እንጂ አልደወለችም።

የሞተሩ ድምፅ በድንገት መጣ።

«አውሮፕላን! ከምሥራቅ ነው! ወደ ምዕራብ ሽሽ!»

ዌስሊ አላመነታም። ድሮኑን ወደ ምዕራብ ነዳው።

አውሮፕላኑ የመጣው ከምዕራብ ነው። በምሥራቅ በኩል የተደረደሩት የቆርቆሮ ጎተራዎች ድምፁን መልሰውባት ነው። ቢጫው ነገር በዓይኗ ዳር ሲያልፍ ብቻ ታያት። አፍንጫው ወደ ላይ ተሰቀለ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ ዘለለ፣ ሆዱ ታየ። የአውሮፕላኑ ነፋስ ድሮኑን እንደ ቅጠል አሽከርክሮ በቆሎው ውስጥ ጣለው።

ድሮኑ ወድቆም ይጮህ ነበር። ዌስሊ በአንዱ ረድፍ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ማርላ ጩኸቱን ተከትላ ቀጥ ብላ ሄዳ አነሳችው። አንድ እግሩ ተሰብሯል፣ ፎቶው ያለበት ካርድ ደህና ነው። ዌስሊ ፎቶዎቹን ከፈተ። ከኩሬው ግድብ እስከ ጅረቱ ቡናማ መስመር ይወርዳል፣ ከመስመሩ በታች ውሃው በነጭ ሆድ ተሞልቷል።

«አገኘነው» አለ። ድምፁ ደስታ አልነበረበትም።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የቨርጂል ፒክአፕ አቧራውን እያስነሳ ደረሰ።

«ያንን ትንኝ ፊቴ ላይ የለቀቀው ማነው?»

«ጠዋት ደውለን ነበር» አለ ዌስሊ።

«ጠዋት! ጠዋት ነፋሱ ከየት ነበር? አንተስ ከተሜ ነህ። አንቺ ሴትዮ፣ አንቺስ እዚህ አገር አልተወለድሽም? አባትሽ ገበሬ አልነበረም?» እጁን ዘርግቶ በሁለት ጣቱ መሃል ክፍተት አሳየ። «ሽቦውን ያለፍኩት በዚህች ነው። በዚህች! ለቀብሬ ማን ፎቶ ያነሳ ነበር? አንቺ? ከወዲህ ቁም፣ ከወዲያ ዙር እያልሽ?»

«ስህተቱ የእኔ ነው» አለ ዌስሊ።

«አንተን አልጠየቅኩም። ማርላ፣ ከየት ስመጣ ነው ያየሽኝ?»

መዋሸት ብትፈልግ ከምዕራብ ማለት ትችል ነበር። አሁን ታውቀዋለች። «ከምሥራቅ» አለች።

ቨርጂል ቆቡን አወለቀ። አንድ ክፍል የተማሩ ናቸው፤ ኳስ ሲጫወት ያነሳችው ፎቶ እስከ ዛሬ ቢሮው ግድግዳ ላይ አለ። ፊቷን አየው፣ ከዚያ መነጽሯን።

«ለአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ አመለክታለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ጠልቼሽ አይደለም። ነገም የምበረው እዚሁ ነው።»

ፒክአፑ ሲሄድ ሁለቱ መኪናው ውስጥ ገብተው ሞተሩን ሳያስነሱ ተቀመጡ።

«ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገባ ትያለሽ» አለ ዌስሊ። «ማንም ላይ የሚደርስ ነገር ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ይጽፉልኛል፣ ያልቃል።»

«ፀሐይ አልነበረም።»

«ማርላ።»

«ከሚያዝያ ጀምሮ አላይም። ድሮኑን አንድ ቀንም አላየሁትም።»

ዌስሊ መሪውን ይዞ ወደፊት አየ። «አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ግንቦት ላይ፣ ድልድዩ ሲመረቅ። ድሮኑ ከኋላሽ ነበር፤ አንቺ አንድ አሞራ እያየሽ “ደህና ቆሟል፣ አትነካካው” አልሽኝ።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«ከዚያ በኋላ ማን ይቆምልኝ ነበር? የጋዜጣው አዘጋጅ ትቆምልኛለች? ወንበሯን ለቃ ታውቃለች?» ሊስቅ ሞክሮ ተወው።

በዚያው ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ቢሮ ውስጥ የአደጋውን ቅጽ ሞሉ። የኢንሹራንሱ ነው፤ ግልባጩ ለአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ ይሄዳል። ዌስሊ እያነበበላት ትመልሳለች፤ እሱ ይጽፋል።

«ጠባቂዋ ድሮኑን ሳታቋርጥ ታይ ነበር?»

«አታይም ነበር። ከሚያዝያ ጀምሮ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ይህ የሚጎዳው አንቺን ብቻ አይደለም። ሕጉ ኃላፊው አብራሪው ነው ይላል። ቀጥሎ የሚጠይቁት ጠባቂህ ማየቷን አረጋግጠሃል ወይ ነው።»

«በየቀኑ ትጠይቀኝ አልነበር?»

«እጠይቅ ነበር። መልስሽን ግን አላምነውም ነበር።»

«እንግዲያው እሱንም ጻፍ።»

«የማድለቢያው ጠበቃ ይህን ወረቀት ቢያገኝ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ገና የዜናውን ሁለተኛ ክፍል አልሠራንም። የአካባቢው የውሃ ጉድጓዶች መበከላቸውን አላየንም። ያለ ድሮን እንዴት ልንሠራው ነው?»

«ቨርጂል ነገም የሚበረው እዚሁ ነው» አለች።

ዌስሊ እስክሪብቶውን አንስቶ ጻፈ፤ ሁለት መስመር ስለ እሷ፣ ሦስት መስመር ስለ ራሱ። ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ። ማርላ አንገቷን ወደ ጎን አድርጋ የፊርማውን ቦታ ፈለገች፤ አላገኘችውም። ዌስሊ ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈላት። ከጣቱ ሥር ፈረመች።

ፎቶው ሐሙስ የፊት ገጽ ላይ ወጣ። የዌስሊ የማብረር ፈቃድ ለአምስት ወር ታገደ፤ የዓሣው ዜና ሁለተኛ ክፍል ነሐሴ መጨረሻ ላይ ያለ ፎቶ ታተመ።