የእናቴ የርቀት ቆጣሪ

ይህን በአደባባይ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ እየጻፍኩት እንኳ ፊቴ ይቀላል።

አባቴ በወጣትነቱ የመኪና ተወዳዳሪ ነበር። ሟቿ እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ የተጓዙትን ርቀት ከቆጣሪ ላይ ታነብለት ነበር፤ ዋንጫም አግኝተዋል። ከሰባት ዓመት በፊት ያንን ቆጣሪ ከሣጥን አወጣና አሮጌዋ የውድድር መኪናው ላይ መልሼ እንድገጥምለት ሰጠኝ። የፊዚክስ መምህር ስለሆንኩ አምኖኝ ነው። ብሎኑን ሳጠብቅ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

የእናቴን ዕቃ ሰበርኩ ብዬ መናገር አቃተኝ። ቆጣሪው በእኔ በኩል ስለሆነ እሱ አያየውም። በየቅዳሜው ከአዳማ ወደ ዝዋይ ስንሄድ "ስንት ደረስን?" ይለኛል፤ እኔም የመንገድ ዳር የኪሎ ሜትር ድንጋዮችን ሰረቅ አድርጌ እያየሁ ቁጥር እፈጥርለታለሁ። "ልክ እንደ እናትሽ!" ሲለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አባቴ መካኒክ ጠርቶ "ይህን ቆጣሪ እስቲ ዘይት ቀባልኝ" አለው። መካኒኩ መፍታት ሲጀምር አለቀስኩ።

"አባዬ፣ ሰብሬዋለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ዋሽቼሃለሁ።"

"ምኑን ሰበርሽው እህቴ?" አለ መካኒኩ ውስጡን እያሳየን። "ቁጥሩን የሚያዞረው ጥርስ እኮ አልተገጠመለትም፤ ማስገቢያ ቀዳዳው ራሱ አልተበሳም። ጋሼ፣ ይሄ ከተሠራ ጀምሮ አንድ ሜትር ቆጥሮ አያውቅም።"

አባቴ የመኪናዋን በር ከፍቶ የእናቴን ወንበር ተመለከተ።

"ታዲያ እሷ" አለ፣ "ምን ስታነብልኝ ነበር?"