የኮምባይነሩ ሆድ

ባለፈው ኅዳር ከአዲስ አበባ ስመለስ አውቶቡሱ ሉማሜ ላይ ለሻይ ቆመ። ገና ከመውረዴ የናፍጣና የትኩስ ስንዴ ገለባ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ዞር ብል ሦስት የእህል ማጨጃ ኮምባይነሮች አቧራ እንደለበሱ መንገድ ዳር ቆመዋል። ሰው ሁሉ ሻይ ቤት ገባ፣ እኔ እዚያው ተገትሬ ቀረሁ። ስሚኝማ፣ አባቴ በሕይወቱ መኪና ነድቶ አያውቅም፤ ግን ናፍጣ በሸተተኝ ቁጥር የሚመጣብኝ እሱ ነው።

አባቴ ተጠራጣሪ ነበር፤ ልክ የሌለው ተጠራጣሪ! ቁይ ገበያ ጨው ሲገዛ ከላይ ቀምሶ አይበቃውም፣ ከጆንያው ሥር አስዝቆ እንደገና ይቀምሳል። የግብርና ባለሙያው "በመስመር ዝሩ" ቢለው "መጀመሪያ አንተ የዘራኸውን አሳየኝ" ብሎ መልሶታል። እናቴ "ይህ ሰውዬ እኮ ቄሱ ሲያሳልሙት መስቀሉን ገልብጦ ያያል" እያለች ትስቅበት ነበር። እሱ ግን "ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ" ይላል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። በእኛ ቀዬ ስንዴ የሚታጨደው በወንፈል ነበር፤ ዛሬ የአንተን፣ ነገ የእኔን እየተባለ በተራ። ያን ዓመት ግን ወንፈሉ ሳይታወቅ ፈረሰ። ወጣቶቹ ሥራ ፍለጋ ወጡ፣ የቀሩት ከአርሲ ለመጣው ኮምባይነር ተራ ያዙ። ሁሉም "ጊዜው ተለውጧል" ይላል። አባቴ ብቻውን "ጊዜ ምን አደረገ? የተለወጠው ሰው ነው" አለና ማጭዱን ሳለ።

የጠረጠረውም ነገር ነበረው። "ያ ብረት እህሉን በሆዱ ያስቀራል፤ ነጂው ከመንደር ሲወጣ ከፍቶ ይዝቀዋል" ይል ነበር። ሲዘቅ ያየ ሰው የለም፤ እሱ ግን በዓይኑ ያየ ያህል እርግጠኛ ነበር። እኔንና እናቴን ይዞ ማሳው ውስጥ ገባ። ሦስት ቀን አጨድን። መዳፌ ተላጠ፣ የተነካው ግን የማሳው አንድ ጥግ ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን ጠዋት በጮቄ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። የደረሰ ስንዴ ዝናብ ከመታው በቆመበት ይበቅላል፤ የዓመት ቀለባችን ደግሞ ያ ማሳ ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ጎረቤታችን ወደ ቤት መጣ። ከአባቴ ጋር ከጉብልነታቸው ጀምሮ ወንፈል ገጥመው የኖሩ ናቸው፤ ማሳቸውም ድንበርተኛ ነው። "ማሽኑ ዛሬ የእኔ ተራ ነው። ያንተ ይቅደም፤ የእኔ ትንሽ ይቆይልኛል" አለው።

"ምን አግኝተህ ነው እንዲህ ያሰብክልኝ? የማሽኑ ደላላ ምን ቃል ገባልህ?" አለው አባቴ።

ሰውዬው የተቀዳለትን ጠላ ሳይቀምስ አስቀመጠና "እግዜር ይይልህ" ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ በመንገድ ሰላምታ ይሰጠን ነበር እንጂ ቤታችን ገብቶ ጠላ ቀምሶ አያውቅም።

እኔ በኀፍረት ነደድኩ። "አባዬ፣ በቃ! ስንዴው በቅሎ ሲቀር ጥርጣሬህን ልንበላ ነው?" አልኩት። ዱላ ጠበቅሁ። አልመታኝም። ሰማዩን አየ፣ እናቴን አየ፣ ከዚያ "ሂጂ፣ ነጂውን ጥሪው" አለኝ። ሮጥኩ። ጎረቤታችን ተቀይሞም ተራውን አልከለከለንም።

ማሽኑ እያጓራ መጣ። አባቴ በትሩን ከፍ አድርጎ ፊት ለፊቱ ቆመና ነጂውን "ጫማህን አውልቅ!" አለው።

ነጂው ቀጭን ወጣት ነበር፤ ግራ ገባው። "አባባ፣ እኔ እኮ ላይ ነው የምቀመጠው፤ መሬት አልረግጥም።"

"እህል የሚወቃበት ሁሉ አውድማ ነው። አውድማ በጫማ አይገባም፤ በረከት ይሸሻል። ይህ ብረት የሚወቃ ከሆነ አውልቅ፤ ካልሆነ ሂድልኝ።"

ልጁ ሊስቅ ጀመረና የአባቴን ፊት ሲያይ ተወው። አውልቆ በባዶ እግሩ ነዳ። አባቴም በባዶ እግሩ ከኋላው አቧራውን እየዋጠ፣ የወደቀችውን ዛላ ሁሉ እየለቀመ፣ ከማሽኑ ላይ ግን ዓይኑን ሳይነቅል ተከተለው።

እኔ ዛሬ የምኖረው ማርቆስ ከተማ ነው። ልብስ ስፌት ጀመርኩ፣ የቢሮ ጸሐፊ ሆንኩ፣ አሁን ደግሞ በስልክ ልብስ እሸጣለሁ። አዲስ ነገር መጥቶ "ግቢበት፣ ጊዜው እሱ ነው" ባሉኝ ቁጥር "ይሄስ በሆዱ ምን ያስቀር ይሆን?" እላለሁ። የአባቴ ልጅ ነኝ፣ ምን ላድርግ! እገባበታለሁ፤ እየጠረጠርኩ ነው የምገባበት።

ያን ቀን ማሽኑ ከምሳ በፊት ጨረሰ። አባቴ "ክፈተው" አለ። ልጁ ሳይቆጣ ሞተሩን አጥፍቶ መዝጊያዎቹን አንድ በአንድ ከፈተለት። አባቴ እጁን እስከ ትከሻው ሰደደ፤ ዳበሰ፤ በሌላው ጎን ዞሮም ዳበሰ። ያወጣው አንድ እፍኝ ብናኝ ነው። እፍ ቢለው መዳፉ ላይ ጥቂት ፍሬ ቀረ። ብዙ ቆሞ አየው። ልጁ "ያበርክትልዎ፣ አባባ" አለና ወደ ጎረቤታችን ማሳ ነዳ። የእሱም ስንዴ ለጥቂት ተርፎ ገባ።

ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ወረደ። ጎተራችን ሞልቷል፤ እናቴ ማርያምን እያመሰገነች ትንጎራደዳለች። አባቴ መደብ ላይ ተቀምጦ ምግቡን አልነካም። ጠራኝና የሱሪውን እግር ወደ ላይ ሰበሰበ። ጉልበቱ አብጦ የሌላ ሰው ጉልበት መስሏል። ስንት ወር ደብቆን እንደኖረ እንጃ። "ቅቤ አሙቂና እሺኝ፤ ያመኛል" አለኝ። አባቴ ያመኛል ሲል ሰምቼ አላውቅም።

እያሸሁት፣ ላጽናናው ብዬ "አየህ አባዬ፣ ማሽኑ አልሰረቀንም" አልኩት።

"እሱ ነው እኮ" አለ። "ሌባ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሌባ ቢሆን ለከርሞ ትፈልጉኝ ነበር" አለኝ።

ቅቤው እስኪያልቅ ድረስ እጄን ከጉልበቱ ላይ አላነሳሁም።