የዓርብ ምስር

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ጉሙም አብሮን የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። እኔና የሆጤ ሰፈር ጎረቤቴ በሐጂው የጭነት መኪና ላይ፣ ባዶ ጆንያ ተከናንበን እንቀመጣለን። ልጄን አዝያለሁ። በየመታጠፊያው እጄን ወደ ኋላ ልኬ አንቀልባውን እዳስሳለሁ፤ ቋጠሮው የላላ ይመስለኛል። ታች ስንደርስ ጉሙ የለም። ፀሐዩ እንደ ሌላ አገር ፀሐይ ነው።

ሐጂው እህል ነጋዴ ነበሩ። እኛ መጋዘናቸው ውስጥ ምስር እንለቅማለን፤ የሚከፈለን በጆንያ ነው። የጎረቤቴ እጅ ፈጣን ነው። እኔ ግን አንዲት ጠጠር ብታመልጠኝ የማላውቀው ልጅ ጥርስ ይሰበራል እያልሁ የለቀምሁትን መልሼ እለቅማለሁ። ማንም አይቆጣኝም። በመዘግየቴ የምጎዳው እኔው ብቻ ነበርሁ።

ጊዜው የደርግ ነበር። አንድ ቀን ሰዎች መጥተው ከእንግዲህ ለማንም ሠራተኛ ከተወሰነው የቀን ክፍያ በታች መስጠት ክልክል ነው አሉ። እልል አልን። ልጄ ጀርባዬ ላይ ደንግጣ ነቃች። ወተት እገዛልሻለሁ አልኋት።

ብዙም ሳይቆይ ሐጂው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ድሮ የምከፍልሽ ለለቀምሽው ነበር። አሁን ለፈጣኗም ለዘገምተኛዋም እኩል ክፈል ተባልሁ። ሁላችሁን መያዝ አልቻልሁም። አፉ በይኝ።»

«ሐጂ፣ እንደ ድሮው በጆንያ ይክፈሉኝ።»

«ክልክል ነው እኮ!»

ቤት ዋልሁ። ጉሙ እስከ ደጃፌ ይመጣል፣ መኪናው ሲወርድ ድምፁን እሰማለሁ። ለልጄ በሶውን እያቀጠንሁ እበጠብጥላታለሁ። አንድ ሐሙስ ጎረቤቴ ብቅ አለች።

«አንቺ ሴት፣ ነገ በእኔ ቦታ ሂጂ። ከነገ ጀምሮ ዓርብ ዓርብ ያንቺ ነው።»

«አንቺስ?»

«የጁምዓ ሶላት አለብኝ። ወላሂ፣ ለምስር ብዬ ዲኔን ልተው?»

በማግስቱ ሐጂው ሲያዩኝ፣ ጎረቤቴ ለጁምዓ ቀርታ በቦታዋ እንደመጣሁ ነገርኋቸው።

«ጁምዓ አለብኝ አለች?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። «ለጁምዓማ ምን ይባላል! ግቢ።»

ያ ዓርብ አሁንም በሕልሜ ይመጣል። አዛን ሲሰማ ሐጂው ወደ መስጊድ ሄዱ፤ መጋዘኑ ጸጥ አለ። ከጣሪያው ቀዳዳ የገባው ብርሃን ውስጥ አቧራው ይዋኛል፤ ልጄ ጆንያ ላይ ተኝታለች፤ ምስሩ በጣቶቼ መሐል እንደ ውሃ ያልፋል። ማታ የተቀበልሁት በአንድ ቀን ይዤው የማላውቀው ብር ነበር። ወተት ገዛሁ። ከዚያ ስድስት ቀን ሌላ ዓርብ ጠበቅን።

ልጄ አድጋ ተምራ፣ ያ ሕግ ጠቀመሽ ወይስ ጎዳሽ ትለኛለች። ዓርቡ ትዝ ሲለኝ ጠቀመኝ እላታለሁ፤ ሌላው ቀን ትዝ ሲለኝ ጎዳኝ እላታለሁ። ውሸት የለበትም።

አንድ ዓርብ ወደ ሥራ ስንወርድ መኪናው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ተበላሽቶ በእግሬ ተመለስሁ። ሰፈር ስደርስ የጁምዓ ሰዓት ነበር። ጎረቤቴ ግቢዋ ውስጥ፣ እስከ ክንዷ አረፋ ለብሳ ልብስ ታጥባለች።

«ጁምዓስ?»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ሳቋ አመለጣት።

«ጁምዓ ለሴት ግዴታ ነው ያለሽ ማነው?»

ሐጂው ያን የመጀመሪያ ዓርብ አፋቸውን የሸፈኑት ሳቃቸውን ሊደብቁ እንደነበር ለእኔ ለክርስቲያኗ ያኔ ገባኝ። ልጄን አውርጄ ጎኗ ቁጭ አልሁና የታጠበውን እየተቀበልሁ ጨመቅሁ።

«ቀስ ብለሽ፣ ቀስ ብለሽ» አለችኝ። «አንቺ እንደሆነ እንደ ምስሩ መልሰሽ ታጥቢዋለሽ!»