የሸዋወርቅ ጥለት

ምሥራቅ ከምትሥለው ነገር መቀነስ የጀመረችው ደብረ ብርሃን፣ የሱቅ ማስታወቂያ ከሚሥለው ከባየው ዘንድ ሥራ ስትለምድ ነው። ለሥጋ ቤት በሬ ሣይ ሲላት እግሩን ተወችው። ቀጥላ ሆዱን። ኋላ ቀንዱ ብቻ ቀረ። ባለሥጋ ቤቱ "ምነው እቴ፣ ደንበኛዬ ቀንድ ሊቆረጥም ነው?" ብሎ ጮኸ። ባየውም በዚያው ቀን አሰናበታት።

አዲስ አበባ ሥዕል ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ ላስባረራት ነገር አጨበጨቡላት! መምህሯ ሸራዋን ባየ ቁጥር "አሁንም በዝቷል" ይላታል። ስትቀንስ ከርማ በማዕረግ ተመረቀች።

ወደ ትውልድ መንደሯ ጎረቤላ ተመልሳ ሥራዋን ለአባቷ ለአቶ ገብረአማኑኤል ደረደረችላቸው። ነጭ። ሌላ ነጭ። ነጭ ላይ አንድ መስመር።

"ይኼንማ ኖራ ቀቢውም ያውቅበታል" አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "እናትሽ አንድ ፎቶ እንኳ ሳትነሣ ነው የሞተችብኝ። መልኳ እየጠፋብኝ ነው። ሠዓሊ ከሆንሽ ሸዋወርቅን አምጪልኝ። ካልሆነልሽ ብሩሹን ጣይው።"

ምሥራቅ ጨነቃት። ፊት መሣል ከተወች ስንት ዘመኗ! ብትሞክር የወጣችው ሴትዮ ቁርጥ የዕድሩን ዳኛ መሰለች። ፋቀቻት። ደግማ ሣለች፤ እያለቀሰች ፋቀች። በመጨረሻ ከነጩ ሸራ ላይኛው ጫፍ ላይ አንድ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ቀረ። ከግርጌው ፈረመችበትና ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

አባቷ ፊቱ ቆሙ። ምሥራቅ ብሩሿን ጨብጣ ትጠብቃለች።

"ነጠላዋ ነው" አሉ ቀስ ብለው። ወዲያው ቱግ አሉ። "አንቺ የማትረቢ! ጥለቱን ወደ ላይ አድርገሽ እናትሽን ለቅሶ ቤት አስቀመጥሻት እኮ!"

"አባባ፣ እኔ ስሥል እያለቀስኩ ነበር…"

"የራስሽን ለቅሶ ራስሽ ልበሺው! እኔ የምትታየኝ ለጥምቀት ስትወጣ ነው።" ሸራውን አወረዱና ገልብጠው ሰቀሉት። ጥለቱ ታች፣ እግሯ ጋ ወረደ። ራቅ ብለው አዩት።

"መጣች" አሉ፤ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

በማግስቱ ጎረቤት ገብታ "ይኼ ባዶ ጨርቅ ምንድን ነው?" ብትል "አፍሽን ያዢ! ባለቤቴ ናት" ብለው አፈጠጡባት። የምሥራቅ ፊርማ ከላይ ተዘቅዝቆ ቀርቷል። እሷም አልነካችውም።