ማሽኑ ውስጥ የቀረው የአባቷ ሰላምታ

የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች የምትጠብቀው ሴት ሥራውን የወረሰችው ከአባቷ ነው። የላቦራቶሪው ውጤት የሚቀመጥበትን፣ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠራውን ማሽን በገዛ እጃቸው ያቆሙት እሳቸው ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡም እንደ ልጅ ሲንከባከቡት ኖረዋል። ማሽኑን በከፈተች ቁጥር ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ፣ «መጣሽ የኔ ቁጡ? ዛሬ ደግሞ በማን ልትጮኺ ነው?» የሚል መስመር ይወጣል። ለእሷ ብለው ያስቀመጡት ቀልድ ነው። ፈገግ ብላ ታልፈዋለች፤ ማንንም አይጎዳም ነበር።

የድንገተኛ ክፍሉ አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣለት ነገሩ ተበላሸ። አዲሱ ኮምፒውተር የደም ምርመራ ውጤት ከላቦራቶሪው ማሽን በራሱ እንዲወስድ ነበር የታሰበው። ግን ሊወስድ ወደ ማሽኑ ሲገባ ከውጤቱ ቀድሞ ያ ሰላምታ ይመጣበታል። የተበላሸ ውጤት መስሎት ይዘጋዋል።

የክፍሉ ነርስ ደወለች።

«እህቴ፣ አሁንም ባዶ ነው። ሐኪሙ እላዬ ላይ ቆሟል።»

«እያየሁት ነው።»

«ከጠዋት ጀምሮ እያየሽው ነው እኮ።»

አንድ መስመር ማጥፋት ቀላል መስሏት ነበር። ማሽኑ ሰው ሲገባ የሚያነበውን ፋይል ከፈተች፤ እሱ ወደ ሌላ ፋይል ይመራል፣ ያም ወደ ሌላ። የሰላምታውን ቃል በፍለጋ ብታስስ የለም። አንዱን ፋይል ብትዘጋው ማሽኑ እሷንም አላስገባ አለ። እንደምንም መለሰችው። ሰላምታውም አብሮ ተመለሰ።

በምሳ ሰዓት ማሽኑን ከሩቅ የምትከፍትበትን ላፕቶፕ ይዛ ወደ ቤት ሮጠች። አባቷ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ አንደበታቸው ተይዟል፤ ቀኝ እጃቸውም አይታዘዝላቸውም። እናቷ ትራስ ደግፋ አስቀመጠቻቸው፤ እሷም ላፕቶፑን ፊታቸው ከፈተችው።

«አባዬ፣ የት ነው የደበቅከው?»

መስመሩን ሲያዩ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ፊቷን አዩና ሳቁን ተዉት። ግራ እጃቸውን አንስተው አንድ ቁልፍ ተጫኑ፣ ሌላም ደገሙ፤ የወጣው ትርጉም የለውም። እንደገና ሞከሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ተያቸው ልጄ» አለች እናቷ። «ያውቁታል፤ ማውጣት ነው ያቃታቸው።»

ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ውጤቶቹን ሌላ ቦታ ቀድታ፣ አባቷ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበትን ማሽን ጠራርጋ አጥፍታ ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ጫነችበት። አመሻሽ ላይ ነርሷ ደወለች።

«ውጤቱ ደረሰ። ምን ሆኖ ነበር?»

«አላገኘሁትም» አለቻት። «ሁሉንም ነው ያጠፋሁት።»

ቤት ስትገባ አባቷ ቀና ብለው አዩዋት።

«ተስተካክሏል አባዬ» አለች።

እንዴት እንደተስተካከለ ሊጠይቋት አልቻሉም። እሷም አልነገረቻቸውም።